ስሟ ያልተጻፈላት ዕቁባት

ጃፓናዊው መስፍን ታኬዳ ሺንገን (እ.ኤ.አ. 1521–1573፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለአገሩ ልብ ወለድ፣ ቴአትርና ፊልም የማይነጥፍ ምንጭ ሆኖ ኖሯል። ስለ ፈረሰኞቹና ስለ ዓርማው ብዙ ተብሏል። እዚህ የምንመለከተው ግን ከያንያን በመስፍኑ ሚስትና በአንዲት ዕቁባቱ ላይ የሰጡትን ፍርድ ነው። ፍርድ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም።

በ1542 ሺንገን የሱዋን ምድር ወረረ። የሱዋ ገዥ ዮሪሺጌ የሺንገንን እኅት ያገባ አማቹ ነበር። እጁን ከሰጠ በኋላ ወደ ኮፉ ተወስዶ በቶኮጂ ገዳም የገዛ ሆዱን እንዲቀድ ተደረገ። ጥቂት ቆይቶ ሺንገን የሟቹን ሴት ልጅ ዕቁባት አድርጎ ወሰዳት። ከሌላ እናት የተወለደች ስለሆነች ለእርሱ የሥጋ ዘመድ አልነበረችም። በ1546 ካትሱዮሪ የተባለ ወንድ ልጅ ወለደችለት፤ በ1555 ሞተች። የታኬዳ ቤት ዜና መዋዕል «ኮዮ ጉንካን» ውበቷን ያወሳል፤ ስሟን ግን የሚነግረን የለም። ትውልድ የሚያውቃት «የሱዋ እመቤት» በሚል መጠሪያ ብቻ ነው።

ለምን እንደተፈለገች ለማወቅ የልጇን ስም መመልከት ይበቃል። የሺንገን አባት ኖቡቶራ ይባላል፤ ሺንገን ራሱ መነኩሴ ከመባሉ በፊት ሐሩኖቡ ነበር፤ የበኩር ልጁ ዮሺኖቡ ነው። «ኖቡ» የታኬዳዎች የዘር ምልክት ነበረችና። ካትሱዮሪ ግን «ኖቡ»ን አላገኘም። የተሰጠችው «ዮሪ» የተገደለው አያቱ የዮሪሺጌ ናት። የሱዋን ሕዝብና ጥንታዊውን የሱዋ መቅደስ በእጁ ለማስገባት ለፈለገው መስፍን የዚያች ልጃገረድ ማሕፀን ከምሽግ የማያንስ አገልግሎት ሰጥቷል። ሴት እንደ ርስት የምትወረስበትን የፊውዳል ሥርዓት ከዚህች አንዲት ቀለም የበለጠ የሚያጋልጥ ማስረጃ አላየሁም።

ታሪክ የነፈጋትን ስም ልብ ወለድ ሰጣት። ኢኖኡኤ ያሱሺ በ1950ዎቹ በጻፈው «ፉሪን ካዛን» (ነፋስ፣ ደን፣ እሳት፣ ተራራ) ዩቡ አላት። ኒታ ጂሮ «ታኬዳ ሺንገን» በተባለው ረጅም ድርሰቱ ደግሞ ኮይ ብሏታል። በኢኖኡኤ መጽሐፍ ቤተ መንግሥቱ ሲወድቅ ሌሎቹ ለሞት ይሰናዳሉ፤ እርሷ ግን ራሷን መግደልን እንቢ ትላለች፤ መኖር ትፈልጋለች። ከዚያ በኋላ የምናያት በአንድ ዐይናውና በአንካሳው የጦር መካሪ በያማሞቶ ካንሱኬ ዐይን ነው፤ ይህ ሰው ለእርሷና ለልጇ ያደረ ፍጡር ነው። የኢኖኡኤ ጨዋነት እዚህ ላይ ይታየኛል። የሴቲቱን ልብ አውቄዋለሁ አይለንም። የምናየው የአንድ ወንድ ናፍቆት የሣላትን ሴት መሆኑን አይደብቀንም። የአባቷን ገዳይ ትጠላዋለች ወይስ ትወደዋለች ለሚለው ጥያቄ የተጣራ መልስ አለመስጠቱ ለእኔ ድክመት አይደለም።

የኒታ ኮይ ግን ያለ ተቀናቃኝ አትደምቅም። ተቀናቃኟ ከኪዮቶ የመጣችው ባለ ሕጓ ሚስት ሳንጆ ናት፤ ኩሩ፣ ቀናተኛ፣ ክፉ ተደርጋ ተሥላለች። በ1988 የጃፓን ቴሌቪዥን ይህን ድርሰት ለአንድ ዓመት ያህል በተከታታይ ድራማ ሲያሳየው ብዙ ሚሊዮን ተመልካች ሳንጆን በዚሁ መልክ ተዋወቃት። ተውኔት ጸሐፊ ነኝና ፈተናውን አውቀዋለሁ። ሁለት ሴቶች በአንድ ጣራ ሥር ሲኖሩ ጠብ ያለ ድካም ይገኛል፤ አዳራሹም ያጨበጭባል።

ነገር ግን የሳንጆን ሕይወት እንመልከት። በ1536 ገና በልጅነቷ ከቤተ መንግሥት ከተማ ወደ ተራራ አገር ተዳረች። አባቷ በ1551 በያማጉቺ በተነሣ ዓመፅ ተገደለ። ሁለተኛ ልጇ ዐይነ ስውር ነበር፤ ሦስተኛው በልጅነቱ ሞተ። ሴት ልጇ ለቃል ኪዳን ማሰሪያ ወደ ሖጆ ቤት ተድራ፣ ቃል ኪዳኑ በፈረሰ ማግስት በ1569 አረፈች። የበኩር ልጇ ዮሺኖቡ በአባቱ ላይ አሢረሃል ተብሎ ታሠረ፤ በ1567 ሞተ። የታሠረው በቶኮጂ ነው፤ የሱዋ እመቤት አባት በሞተበት ገዳም! ሁለቱ ሴቶች በአንድ ሰው ትእዛዝ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ አንዷ አባቷን፣ ሌላይቱ ልጇን አጡ። ይህን የመሰለ ድራማ አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ ጸሐፊው የቅናት ተረት ማንሣቱ ያሳዝናል። በዚያ ላይ በዘመኑ የነበረው መነኩሴ ካይሰን ስለ ሳንጆ የተወው ምስክርነት ደግነቷን፣ መንፈሳዊነቷንና ከባሏ ጋር የነበራትን ስምምነት የሚያወድስ ነው። የመነኩሴ ውዳሴ ለጌታ ሚስት ሲሆን ቅናሽ ይደረግለት እንበል። ክፋቷን የሚመሰክር ግን ምን አለን?

የኩሮሳዋ «ካጌሙሻ» (1980) በሌላ መንገድ ይሄዳል። የሞተውን መስፍን የተካው ሌባ ለዕቁባቶቹ «እኔ ምሳሌው ነኝ» ብሎ እውነቱን ሲነግራቸው ቀልድ መስሏቸው ይሥቃሉ። አጭር ትርኢት ናት፤ የሴቶቹንም ውስጣዊ ሕይወት አትነካም። ሆኖም ከሰውዬው ጋር የኖሩት እነዚያ ሴቶች ከሥልጣኑ ልብስ በስተቀር ምን ያህል እንዲያዩት ተፈቅዶላቸው እንደነበር በአንድ ሣቅ ታሳየናለች።

የሱዋ እመቤት ልጅ ካትሱዮሪ በመጨረሻ የታኬዳ ቤት አለቃ ሆነ፤ በ1582 ተሸንፎ በቴንሞኩዛን ራሱን ገደለ። አብራው የሞተችው ከሖጆ ቤት የመጣችው የ19 ዓመት ሚስቱ ነበረች። ጥፋቱ ሲቃረብ ባሏ እንዲድን የለመነችበት የጸሎት ጽሑፍ በታኬዳ ሐቺማን መቅደስ ተጠብቆ ቆይቷል። ለሚጽፍ ሰው ከየትኛውም የፍቅር ተረት ይልቅ ያ ወረቀት መነሻ ቢሆነው እመርጣለሁ። እርሷም ብትሆን የምትታወቀው «የሖጆ እመቤት» ተብላ ነው።