ደጁ ዓመት ይቆጥራል፤ ውስጡስ?

የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የሚገኘው በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ተማሪዎቹን ወደዚያ የሚወስድ መምህር ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ወደ ዕቃዎቹ ያመራል። ከዕቃዎቹ ሁሉ ትልቁ ግን ቤቱ ራሱ ነው።

ከሕንፃው ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት ሲሆን፣ እርከኖቹ ፋሺስቶች በ1922 እ.ኤ.አ. ሥልጣን ከያዙበት ጊዜ አንሥቶ ያሉትን ዓመታት ይቆጥራሉ። ኢትዮጵያውያን ከነፃነት በኋላ አላፈረሱትም፤ የይሁዳ አንበሳን ከአናቱ ላይ አወጡበት። እንዲህ ባለ አጭር መልስ የተመለሰ ፉከራ ሌላ አላውቅም። በዚሁ ግቢ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረ፤ የአዲስ አበባም ሕዝብ ተጨፈጨፈ። በታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ደግሞ ራስ አበበ አረጋይንና ራስ ሥዩም መንገሻን ጨምሮ የታገቱ መኳንንትና ሹማምንት እዚሁ ቤት ውስጥ ተረሸኑ። በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1954፣ ቤቱ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ተመረቀ።

ሙዚየሙ የታወቀበት የባህል ትርኢት በብሔረሰብ የተከፋፈለ አይደለም፤ ከልጅነት ወደ ጉልምስና፣ ከዚያም ወደ ሞት የሚሄደውን የሰው ሕይወት ይከተላል። ይህ ብልህነት ነው። «የእኛ የትኛው ነው?» ብሎ የሚገባ ተማሪ የራሱን ወገን ብቻ አይቶ እንዳይወጣ ያደርገዋል፤ የማያውቀው ሕዝብ ልጁን እንዴት እንደሚያሳድግ፣ ሟቹንም እንዴት እንደሚቀብር ከራሱ ጎን ለጎን ያያል።

ነገር ግን አደራደሩ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ እርሱም ዘመን ነው። ሠርጉ፣ ልቅሶው፣ የልጆቹ ጨዋታ መቼ እንዲህ እንደ ሆነና ምን እንደ ለወጠው ከአደራደሩ አይታወቅም። ደጁ ዓመት እየቆጠረ፣ ውስጡ ሕዝቡን ሳይለወጥ እንደ ኖረ አድርጎ ያሳያል። ታሪክ የነገሥታት፣ ባህል የገበሬ ነው የሚለውን የቆየ ክፍፍል ሳያስበው ያጸናል። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልም እዚያው ስላለ ክፍፍሉ ይበልጥ ይጎላል። (ልጆቹ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት የመታጠቢያ ቤቱን መሆኑን ያስጎበኘ መምህር ሁሉ ያውቃል።)

ስለዚህ መምህሩ ጉብኝቱን ከደረጃው ይጀምር። ተማሪው ውስጥ ገብቶ አንድ ዕቃ ይምረጥ፤ ቤቱ ሲመለስ አያቱን ወይም ጎረቤቱን ይጠይቅ፤ ዕቃው መቼ ይሠራበት እንደ ነበር፣ ለምን እንደ ቀረ ወይም እንደ ቀጠለ ከነዓመተ ምሕረቱ ጽፎ ያምጣ።