ስለ ላ ኮት ዋሻ የማሞት አጥንትና ስለ አደኑ ትርጓሜ

በጀርሲ ደሴት፥ ቻርልስ ማክበርኒ እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1978 ባስቆፈሩት በላ ኮት ደ ሳን ብሬላድ ዋሻ፥ የማሞትና የጠጉራም አውራሪስ አጥንት በሁለት ክምር ተገኝቷል። ካትሪን ስኮት በ1980 ባወጡት ጽሑፍ፥ ኔያንደርታሎች መንጋውን ከላይ ነድተው ወደ ገደሉ ጥለውታል ሲሉ ተረጎሙት። ትርጓሜው በየመጻሕፍቱ የተደጋገመው ለዓይነ ኅሊና ስለሚያምር ይመስላል። በ2014 የወጣው ጥናት ግን ዛሬ ባሕር የሸፈነውን መሬት መርምሮ፥ ከገደሉ በላይ ያለው ስፍራ ወጣ ገባና በሌላ ሸለቆ የተቆረጠ ስለ ነበረ መንጋ ለመንዳት እንደማያመች አሳየ። ተቃውሞው ጽኑ ነው፤ ነገር ግን የሚያፈርሰው መንዳቱን እንጂ አደኑን አይደለም። በስኮት ዘገባ የትከሻ አጥንቶች ተደራርበው መገኘታቸውም፥ ቢበዛ ሰው አጥንቱን እንዳከማቸ ያመለክታል እንጂ እንስሳው በምን እንደ ሞተ አይመሰክርም።