«የፈረንጅ ላም» እና የእናት ሐረግ፦ በአንድ ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

በለገዳዲ፣ በሱሉልታ፣ በሰበታና በቡራዩ ወተት አርቢዎች ዘንድ «የፈረንጅ ላም» የተለመደ ስያሜ ነው። ስያሜው የሚሰጠው ለንጹሕ ዝርያዋ ብቻ ሳይሆን ከአገር ላምና ከሆልስታይን ፍሪዥያን ኮርማ ለተወለደችው ድቅልም ነው። ስሟን ከአባቷ ወሰደች ማለት ነው። ይህ ልማድ ለገበያ ይበቃ ይሆናል፤ ለመዝገበ ቃላት ግን አይበቃም እንላለን።

በሕዋስ ኒውክለስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ከአባትና ከእናት በግማሽ ይወረሳል። ለሕዋሱ ኃይል የሚያመነጩት ጥቃቅን አካላት፣ ማለት ማይቶኮንድሪያዎች፣ ደግሞ የራሳቸው ዲኤንኤ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1982 የከብት ማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ሙሉ ቅደም ተከተል ሲታወቅ 16,338 ጥንድ ቤዞች እንዳሉት ተረጋገጠ። ይህ ከእናት ይወረሳል፤ የኮርማው ማይቶኮንድሪያ ወደ እንቁላሉ ቢገባም እዚያው ተለይቶ ይፈርሳል።

አርቢው ጊደሮቹን በየትውልዱ በፍሪዥያን ዘር ቢያስዳቅል፣ የውጭው «ደም» ከ50 ወደ 75፣ ከዚያም ወደ 87.5 በመቶ ያድጋል። ማይቶኮንድሪያው ግን አይለወጥም፤ የመጀመሪያዋ እናት ቦረና ከነበረች የቦረናይቱ እንደ ሆነ ይኖራል።

ነገሩ ለአገራችን ከብት አዲስ አይደለም። ሻኛ ያላቸው የአፍሪካ ከብቶች የእስያን ዜቡ ይመስላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት ግን ማይቶኮንድሪያቸው ሻኛ ከሌላቸው ከብቶች ወገን መሆኑን አሳይቷል። የዜቡ ደም በአብዛኛው በኮርማዎች በኩል ገብቶ ነበርና። ያን ጊዜም መልክና ስም ወደ አባት አደሉ፤ የእናት ታሪክ ሳይነገር ቀረ።

ታዲያ ይህን ውርስ ምን እንበለው? «የእናት ዘር» ብንል፣ ዘር የሚለው ቃል ትውልድንም የኮርማውንም ፈሳሽ ስለሚያመለክት ያደናግራል። «ከእናት ወደ ሴት ልጅ የሚተላለፍ» ማለትም ስሕተት ነው፤ ወይፈኑም ከእናቱ ይወርሳልና፤ የማያወርሰው ለልጆቹ ነው። «ከአስኳል ውጭ ያለ ውርስ» የሚለውን ደግሞ ዶሮ አርቢው ሲሰማ የእንቁላሉ ብጫ ክፍል ይታሰበዋል።

እኛ «የእናት ሐረግ» የሚለውን እንመርጣለን። ሐረግ የትውልድን መስመር ሲያመለክት የኖረ ቃል ነው፤ ዘርን ከፈሳሹ ይለያል፤ የወይፈኑንም ድርሻ አይክድም። ይሁን እንጂ ቃሉ ከሚችለው በላይ እንዳይሸከም እናሳስባለን። የእናት ሐረጓ የቦረና የሆነች ላም በሌላው ውርሷ አብዛኛው ፍሪዥያን ልትሆን ትችላለች፤ የወተቷ መጠንም በዚህ ሐረግ ብቻ አይወሰንም።

ስለ አንድ ቃል ይህን ያህል መከራከራችን ለከንቱ አይደለም። የኮርማው መለያ ዘሩ በሚመጣበት ቀጭን ቱቦ ላይ ታትሟል፤ የላሚቱ እናት ማንነት ግን ጠይቆ የሚጽፍ ካልተገኘ ከአርቢው ትዝታ ጋር ይጠፋል። በመዝገቡ ላይ «የእናት ሐረግ» የሚል ዓምድ እንዲኖር አስቀድሞ ቃሉ ሊኖር ይገባል።