ሳይጠየቁ የተወሰነላቸው፦ ጄኔራል ኢብራሂም አቡድ ከኸሽም ኤል ቂርባ ሲታዩ

የሱዳኑ ወታደራዊ መሪ የጄኔራል ኢብራሂም አቡድ የሥልጣን ዘመን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቀኖች ታጥሮ ይተረካል፤ መንግሥት በገለበጡበት ኖቬምበር 17 ቀን 1958 እና የካርቱም ሕዝብ ባስነሳው የኦክቶበር 1964 ዐመፅ (ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱም የዋና ከተማ ታሪኮች ናቸው። አገዛዛቸው ምን ዓይነት እንደነበረ ይበልጥ የሚያሳየው ግን በገዳሪፍና በከሰላ መካከል፣ በአትባራ ወንዝ ዳር የምትገኘው ኸሽም ኤል ቂርባ ናት። አቡድ ለሕዝብ ማሰብን ሕዝብን ከመጠየቅ ጋር አንድ አድርገው ያዩ ነበር፤ የዚህም ዋጋ ወለል ብሎ የታየው እዚያ ነው።

አቡድ በ1900 በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ መሐመድ ቆል በተባለች ቦታ ተወለዱ። በጎርደን ኮሌጅ ምህንድስና ተምረው በ1918 መኮንን ሆኑ፤ ኋላም ወደ ሱዳን መከላከያ ኃይል ተዛወሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያንን ለማስወጣት በኤርትራና በኢትዮጵያ ከዘመቱት መኮንኖች አንዱ ናቸው። ሱዳን በ1956 ነፃ ስትወጣ የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ሆነው ተሾሙ። ፓርቲ አልነበራቸውም፤ ለምርጫም ቀርበው አያውቁም። ፓርላማው በሽኩቻ በተወጠረበት ሰዓት ለመፈንቅለ መንግሥቱ መንገዱን የጠረጉላቸው ጠቅላይ ሚኒስትሩ አብደላ ኸሊል፣ እሳቸውም የቀድሞ መኮንን ነበሩ።

በዓመቱ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 1959፣ የአቡድ መንግሥት ከግብጽ ጋር የዓባይን ውሃ ተካፈለ። ለግብጽ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ተመደበ። ከውሃው አብዛኛውን የምታመነጨው ኢትዮጵያ አስቀድማ መብቷን ያሳወቀች ብትሆንም ለድርድሩ አልተጠራችም። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲሞላ መሬቱ የሚሰምጥበት የዋዲ ሃልፋ ኑቢያዊም ውሉን የሰማው ከተፈረመ በኋላ ነው። ግብጽ ለተፈናቃዮቹ ካሣ የምትከፍለው 15 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ። የኢትዮጵያ አንባቢ የመጀመሪያውን ቅሬታ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን ግን እምብዛም አይሰማም። ሁለቱን ቅሬታዎች የወለደው አንድ ፊርማ ነው።

አቡድ በዲሴምበር 1959 ራሳቸው ሃልፋ ድረስ ሄደው ሕዝቡን ሊያጽናኑ ሞከሩ። የነዋሪው ተወካዮችም ለሰፈራ የታሰቡትን ቦታዎች ተዘዋውረው እንዲያዩ ተደረገ። ተወካዮቹ ሌላ ቦታ ቢመርጡም መንግሥት ኸሽም ኤል ቂርባን ወሰነ። በኦክቶበር 1960 ሃልፋ በሰልፍ ተናወጠች፤ ካርቱምም ድጋፏን በአደባባይ ገለጸች። የመንግሥት ምላሽ ፖሊስ፣ አስለቃሽ ጭስና እስር ነበር። ምክክሩ ለወጉ ያህል የተደረገ እንደነበር ያን ጊዜ ታወቀ።

ማጓጓዙ ግን በወታደር ደንብ የተሰናዳ ነበር። በጃንዋሪ 1964 ከፋራስ መንደር የተነሱት የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች በባቡር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ኸሽም ኤል ቂርባ ገቡ። የሃልፋ አስተዳዳሪ የነበረው ሐሰን ደፍአላህ ስለ ፍልሰቱ በጻፈው መጽሐፍ ሰዎች ከመሳፈራቸው በፊት የዘመዶቻቸውን መቃብር ሲሰናበቱና ሊሰምጥ የተፈረደበትን ቤታቸውን ቁልፍ ይዘው ሲወጡ ያሳያል። የስደቱን ሥራ ያስፈጸመው ባለሥልጣን ራሱ የስደቱ ዋና ምስክር ሆኖ ቀረ።

ወደ 50,000 የሚጠጉ ሰዎች የገቡባቸው መንደሮች ስም ሳይሆን ቁጥር ተሰጣቸው። ግድግዳውን በሥዕልና በሸክላ ሳህን ያስጌጥ የነበረው ኑቢያዊ አንድ ዓይነት የብሎኬት ቤት ተረከበ፤ ዝናብ ከማያውቀው በረሃ ወጥቶም ክረምት በነጎድጓድ ወደሚመጣበት ሜዳ ገባ። ለአንድ ባለይዞታ 15 ፈዳን መሬት ተሰጥቶት ጥጥ፣ ስንዴና ለውዝ በመንግሥት መርሐ ግብር እንዲያመርት ታዘዘ። ሜዳውም ባዶ አልነበረም፤ የሹክሪያ አርብቶ አደሮች ግመሎቻቸውን የሚያሰማሩበት የቡታና ግጦሽ ነበር። ለእነሱም በኋላ ይዞታ ቢደርሳቸውም የእርሻው መስኖ የከብቱን መንገድ ዘጋው። ስለ ውሳኔው ያልተጠየቀ ሦስተኛ ወገን ማለት ነው።

ለአቡድ የሚከራከሩ ሰዎች በቂ ማስረጃ አላቸው። የኸሽም ኤል ቂርባ ግድብ በ1964 ተጠናቋል፤ የሮዛሪስ ግድብም የተጀመረው በእሳቸው ዘመን ነው። ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ካርቱም ገበያ ውስጥ ያያቸው ሕዝብ አንተን ካጣን ወዲህ እኛም ጠፋን ብሎ ጮኸ የሚለው ታሪክ ዛሬም ይወራል። ይሁንና የኸሽም ኤል ቂርባ ግድብ ራሱ ይህን ክርክር ያዳክማል። ጓንግ፣ አንገረብና ተከዜ ከኢትዮጵያ ደጋ ጠራርገው የሚያመጡት አፈር፣ ሲጀመር 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዝ የነበረውን ማጠራቀሚያ ከግማሽ በላይ ወስዶበታል። ደለሉን ለመግፋት በክረምት በሮቹን ከፍቶ ማጠብ ግድ ሆኗል። ከላይኛው ተፋሰስ ጋር ሳይነጋገሩ የተሠራ ግድብ የላይኛውን አፈር ብቻውን ይሸከማል።

በደቡብ ሱዳንም አካሄዳቸው ያው ነበር፦ ዐረብኛን መጫን፣ የሰንበትን ዕረፍት ወደ ዓርብ ማዞር፣ በ1964 ደግሞ ሚሲዮናውያንን ማባረር። ኦክቶበር 21 ቀን 1964 በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪው አሕመድ አል ቁረሺ በጥይት የወደቀው ስለ ደቡብ ጉዳይ ሊወያይ በተሰበሰበ ጉባኤ ላይ ነው። አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ተከተለ፤ አቡድም ኖቬምበር 15 ሥልጣን ለቀቁ። ሥልጣን ላይ በኃይል ሙጭጭ ሳይሉ መልቀቃቸው ከተከተሏቸው አብዛኞቹ ጄኔራሎች ይለያቸዋል።

ዘዴያቸው ግን ወራሽ አላጣም። በኦመር አል በሺር ዘመን የመረዌ ግድብ መናሲር የተባሉትን ነዋሪዎች አፈናቀለ፤ በጁን 2007 ደግሞ የካጅባርን ግድብ በመቃወም ሰልፍ የወጡ አራት ኑቢያውያን ተገደሉ። ሟቾቹ አደባባይ የወጡት በ1964 ዘመዶቻቸው ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ የተጓዙበትን ባቡር እያሰቡ ነበር ብሎ መገመት አያዳግትም፤ ስለ አቡድ የሚጻፍ ማንኛውም የሕይወት ታሪክም ከእነዚህ ሰዎች ጥያቄ ቢጀምር ከአሁኑ የተለየ ሰው ያገኛል።