ያልጠየቅነው ታሪክ፦ የመዓዛ መንግስቴን ልብ ወለድ ከማጀቴ ሆነን ስናነበው

ከደብረ ብርሃን ተነሥታችሁ ወደ ቆላው ስትወርዱ ጣርማበር ላይ መኪናው በዋሻ ውስጥ ያልፋል። ዋሻውን ያስቆፈረው በወረራው ዘመን ጣሊያን ነው። እኛ የይፋት ልጆች፣ የሸዋ ሮቢትም ሆንን የማጀቴ፣ አዲስ አበባ በተመላለስን ቁጥር በውስጡ እናልፋለን። ተሳፋሪው ስለ ብርዱና ስለ ጉሙ ያወራል፤ ዋሻው ያልቃል፤ ወሬውም ይቀየራል። ይህ ሲቆፈር የኛ ቤት ሰዎች የት ነበሩ ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር። እንድጠይቅ ያደረገኝ አንድ ልብ ወለድ ነው። በዚህ እትም ላስተዋውቃችሁና ልተቸው የምፈልገውም እሱኑ ነው።

መጽሐፉ «ዘ ሻዶው ኪንግ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «የጥላው ንጉሥ» ልንለው እንችላለን። ደራሲዋ መዓዛ መንግስቴ አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በአብዮቱ ዘመን ገና በልጅነቷ ከሀገር ወጥታ፣ በናይጄሪያና በኬንያ በኩል አልፋ አሜሪካ ያደገች ናት። የመጀመሪያ ልብ ወለዷ ስለ አብዮቱ ነበር። ይህ ሁለተኛው በእንግሊዝኛ ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ፤ በሚቀጥለው ዓመት በቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ታሪኩ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወርረን ጠመንጃ ስላነሡ ሴቶች ነው።

ከመጽሐፉ በፊት የአጻጻፉን ታሪክ ልንገራችሁ። መዓዛ ለዓመታት ጥናት አድርጋለች። ሮም ተቀምጣ መዛግብት አገላብጣለች፤ የጣሊያን ወታደሮች እዚህ ሀገር ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ከየገበያው ለቅማለች። ስለ ሴት አርበኞች የተጻፈው ጥቂት ስለ ነበር ከየፎቶው ጥግ ፊታቸውን ትፈልግ ነበር። ከዚያ ከእናቷ ጋር ወደ ኢትዮጵያ በመጣችበት ጊዜ እናቷ አንድ ነገር ጣል አደረገችላት፤ የገዛ ቅድመ አያቷ ዘማች ነበረች። ከየቤቱ የበኩር ወንድ ልጅ ይዝመት ሲባል የቤቱ በኩር እሷ ነበረች። አባቷ ግን ጠመንጃውን በልጅነቷ ለተዳረችለት ባል ሰጠ። እሷም አባቷን ዳኛ ፊት አቁማ፣ ተከራክራ፣ ረትታ፣ ጠመንጃውን ተቀብላ ዘመተች። መዓዛ እስከ ዛሬ ለምን እንዳልነገረቻት እናቷን ብትጠይቅ መልሱ አጭር ነበር፤ ጠይቃት ስለማታውቅ ነው። ባሕር ተሻግራ የፈለገችው ታሪክ እናቷ ዘንድ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

በልብ ወለዱ ውስጥ ዋናዋ ሰው ሂሩት ትባላለች። እናትና አባቷ ሞተውባት በኪዳኔና በሚስቱ በአስቴር ቤት በአገልጋይነት ትኖራለች። ከአባቷ የቀራት አንድ ውጅግራ ጠመንጃ ብቻ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ኪዳኔ ለሠራዊቱ መሣሪያ ሲሰበስብ ያንንም ይወስድባታል። አስቴር ሴቶቹን አሰባስባ ትነሣለች። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ እንግሊዝ ከተሰደዱ በኋላ፣ የሕዝቡ ልብ እንዳይወድቅ፣ መልኩ እሳቸውን የሚመስል «ምንም» የሚባል ድሃ ሙዚቀኛ የንጉሥ ልብስ ለብሶ በኮረብታ ላይ ይታያል። የጥላው ንጉሥ እሱ ነው፤ ሂሩትም ጠባቂው ትሆናለች። ስሙ ምንም የሆነ ሰው ለሺዎች ተስፋ ሲሆን ማየት ለአማርኛ ተናጋሪ አንባቢ የተለየ ጣዕም አለው። በሌላው ወገን ደግሞ ኤቶሬ የሚባል ፎቶ አንሺ ወታደር አለ። አዛዡ እስረኞችን ከገደል ሲያስወረውር እሱ ታዝዞ ፎቶ ያነሣል። መጽሐፉ የሚጀምረው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ፣ ሂሩት የፎቶግራፍ ሣጥን ይዛ ኤቶሬን ስትጠብቅ ነው።

የመጽሐፉ ትልቁ ጥንካሬ የቱ ነው? እኔ የሴቶቹን ጀግንነት አላስቀድምም። ሸዋረገድ ገድሌን የመሰሉ አርበኞች እንደ ነበሩን ለሚያውቅ ሰው የሴት ጀግንነት እንግዳ ነገር አይደለም። የሚበልጠው ደራሲዋ ስለ ኪዳኔ ያልደበቀችው ነገር ነው። ኪዳኔ ለሀገሩ የቆረጠ፣ ሰዎቹ የሚከተሉት ደፋር የጦር መሪ ነው። ይኸው ሰው ሂሩትን በግዳጅ ይደፍራታል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ደራሲዋም አንዱን በሌላው አላጣፋችም። ሂሩት ለሀገሯ የምትዋጋው የበደላት ሰው በሚመራው ጦር ውስጥ ሆና ነው።

ይህን ስታነቡ ዳዊትን ታስታውሳላችሁ ብዬ አስባለሁ። የጎልያድን ታሪክ የጻፈልን መጽሐፍ የቤርሳቤህንና የኦርዮንንም ጽፎልናል። መጽሐፍ ቅዱስ የጀግናውን ኃጢአት ለቤተ መንግሥቱ ክብር ሲል አልቆረጠውም። እኛ ግን እንቆርጣለን። ስለ አያቶቻችን ስናወራ ጠመንጃው ይቀራል፣ የተበደለው ሰው ይወጣል። በምስክርነት ሰዓታችን እንኳ ቤታችንን የሚያስከብረውን ተናግረን የሚያሳፍረውን እናልፋለን። «የጥላው ንጉሥ» ለወጣት አንባቢ የሚሰጠው ትልቁ ትምህርት ይህ ይመስለኛል፦ የቤታችሁን ታሪክ ከፈለጋችሁ ሙሉውን ለመስማት ተዘጋጁ።

ጉድለቱንም ልናገር። መጽሐፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከፍ ባለ ድምፅ ይናገራል። እንደ መዘምራን ያሉ ድምፆች ጣልቃ ይገባሉ፤ ትንሹም ነገር እንደ ትልቅ ገድል ይነገራል። ስለዚህ ጦርነትን ጦርነት የሚያደርገው ተራ ነገር፣ ስንቁ፣ ረኃቡ፣ ሌሊት የሚፈጨው እህል፣ አንዳንድ ጊዜ ከዓይን ይጠፋል። ወጥ ሠሪዋን ያህል ልብ የሚነካ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ጥቂት ነው፤ ግን ስለ እሷ ተጨማሪ ገጽ ስንጠብቅ ወደ ኤቶሬ ሐሳብ ወይም ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ጓዳ እንወሰዳለን። የግዳጁም ትዕይንት ከባድ ነው። በወጣት ኅብረታችሁ ልታነቡት ካሰባችሁ በዕድሜ የበሰለ ሰው አብሯችሁ ይሁን፤ ቁስል ያላት እህት በመካከላችሁ ልትኖር ትችላለችና።

አንዳንዶች መጨረሻውን እንደ ጉድለት ያዩት ይሆናል፤ እኔ አላየሁትም። ኤቶሬ አይሁዳዊ ስለ ሆነ በገዛ መንግሥቱ የዘር ሕግ እሱም ተሳዳጅ ይሆናል። ሐዘኑ እውነተኛ ነው። ሆኖም ሂሩት ሣጥኑን ይዛ ስትመጣ ቶሎ ተቃቅፈው አይላቀሱም። እኛ በቤተ ክርስቲያን «ይቅር በይ» ለማለት እንፈጥናለን። ይቅርታ ትእዛዝ መሆኑን አምናለሁ። ነገር ግን ምን እንደ ተደረገ በስሙ ሳይጠራ የሚባል ይቅርታ የተበደለውን ሰው ዝም ከማሰኘት አይለይም። ሂሩት በመጀመሪያ የምትፈልገው የሞቱት እንዲታወሱ ነው።

ይህ በልብ ወለድ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ከእኛ በላይ ባለው የሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ዘረት በሚባለው ስፍራ፣ አመፀኛ ዋሻ የሚሉት አለ። በ1931 ዓ.ም. ሚያዝያ የጣሊያን ጦር እዚያ የተጠለሉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን በመርዝ ጋዝ ጭምር አጥቅቶ ፈጃቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የሚባል ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ ሮም ያገኘውን ሰነድ ተከትሎ እስከ ዋሻው መጣ። ለጣሊያን አንባቢ ነገሩ አዲስ ዜና ሆነ። ለአካባቢው ሰው ግን አዲስ አልነበረም። ከሩቅ የመጣ ሰው እስኪጠይቅ ድረስ የጠየቀ ሰው ጥቂት ነበር።

እኔም መጽሐፉን ጨርሼ በክረምት ወደ ማጀቴ፣ ወደ አያቴ ቤት ወረድሁ። የአባቷን አርበኝነት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ሁሌ ከጠመንጃው ይጀምርና በጠመንጃው ያልቃል። በዚህ ጊዜ ግን ጥያቄዬን ቀየርሁ። «እሱ ዱር ሲገባ ማን አበላው?» አልኋት። ማሽላ እየለቀመች ነበር፤ እጇን አቆመች። እናቷ ሌሊት እየፈጨች ስንቅ ታደርስ እንደ ነበር ነገረችኝ። ከዚያ ዝም ብላ ቆይታ «አንድ በሬም አለ» አለች። አባቷ ከጓደኞቹ ጋር የጎረቤታቸውን በሬ በግድ ነድተው አርደው በልተውታል። ጎረቤቱ ሙስሊም ገበሬ ነበር፤ በሬውም አንድ ብቻ ነበረው። ጣሊያን ከወጣም በኋላ አልተከፈለም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት።

«ምን ብለህ ጠይቀኸኝ ልጄ?» አለችኝ።

የዚያ ሰው የልጅ ልጆች ዛሬም ጎረቤቶቻችን ናቸው። በማግስቱ ከአጎቴ ጋር ቡና ልንጠጣ ሄድን። የበሬውን ነገር ስናነሣ ትልቅየው ፈገግ ብለው እነሱም ከአባታቸው እንደ ሰሙት ነገሩን። በእኛ ቤት የጠፋው ታሪክ በእነሱ ቤት ሙሉ ነበር። ቅድመ አያቴ በዓይኔ አላነሰም፤ ሰው ሆነልኝ እንጂ።

ውድ ወጣቶች፣ ነገሩ የአያቶች ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከእናንተ ብዙዎቹ ልጆች ነበራችሁ። ያያችሁት አለ፤ ቤተሰቦቻችሁ ያልነገሯችሁም አለ። ነገ ልጆቻችሁ ወደዚህ መጥተው ሲጠይቁ የትኛውን ትነግሯቸዋላችሁ? የእኛን ቤት ሐዘን ብቻ ነው ወይስ የጎረቤታችንንም በሬ?

በኢያሱ መጽሐፍ ምዕራፍ 4 እስራኤል ዮርዳኖስን ሲሻገሩ 12 ድንጋዮች እንዲያኖሩ ታዘዙ። ድንጋዮቹ የቆሙት ልጆች አይተው እንዲጠይቁ፣ አባቶችም እንዲመልሱ ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ለመመለስ ዕድሜያቸው እያለቀ ነው። እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው በኅብረታችሁ ካለ መጽሐፉን ያንብብና ይተርክላችሁ። ካልተገኘም በዚህ ሳምንት አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሂዱ፤ ጠመንጃውን ማን እንደ ያዘ ብቻ ሳይሆን ማን እንደ ፈጨ፣ ማን እንደ ተጎዳ፣ ምን ሳይከፈል እንደ ቀረ ጠይቁ። መልሱን ከሰማችሁ በኋላም ወደ ጎረቤታችሁ ቤት ተሻገሩና ያንኑ ጠይቁ።