የልደት ሥዕልና የብርሃን ምንጭ

ሥነ ጥበብ ከተፈጥሮ የሚዋሰው ነገር ሁሉ በሰው ልጅ ኑሮና ልማድ ተፈትኖ ትርጉም የሚያገኝ ነው። ብርሃንና ጨለማም ከዚህ ውጭ አይደሉም። ፀሐይ በየአገሩ ወጥታ ትጠልቃለች፤ ዳሩ ግን ሰው ሌሊቱን የሚፈራበትና ንጋቱን የሚናፍቅበት መጠን እንደ ምድሩ፣ እንደ ሥራውና እንደ ወቅቱ ይለያያል። ክርስትና የኢየሱስን ልደት በጨለማ ውስጥ እንደ ወጣ ብርሃን አድርጎ ሲተረጉም የኖረ ሃይማኖት ነው። ይህ ምሳሌ በልዩ ልዩ አገሮች ሠዓልያን እጅ ምን መልክ እንደ ያዘ መመርመር የሃይማኖት ሊቃውንት ብቻ ሳይሆን የሥነ ጥበብ ሐያስያንም ሥራ ነው። በተለይም የኢትዮጵያን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል «ብርሃንና ጥላን የማያውቅ» እያሉ የማናናቅ ልማድ ፈጽሞ ያልጠፋ በመሆኑ ጉዳዩ መጤን ይገባዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የምሳሌው ምንጭ መታወቅ አለበት። ነቢዩ ኢሳይያስ በጨለማ ስለሚሄድ ሕዝብ ይናገራል፤ የዮሐንስ ወንጌልም ጨለማ ሊያሸንፈው ስላልቻለ ብርሃን ያወሳል። ልደቱን በዝርዝር የሚተርከው ሉቃስ ግን ሌሊቱንና ብርሃኑን የሚያነሣው ስለ እረኞቹ ሲናገር ነው። መንጋቸውን በሌሊት ሲጠብቁ ብርሃን በዙሪያቸው አበራ ይላል እንጂ በግርግም የተኛው ሕፃን አበራ አይልም። በዋሻው ውስጥ ዓይን ሊቋቋመው ያልቻለ ብርሃን መታየቱን የሚተርከው ከወንጌላት ውጭ የቆየው የያዕቆብ ቀዳማዊ ወንጌል የሚባለው መጽሐፍ ነው። በኋላም የስዊድኗ ቅድስት ብርጊታ እ.ኤ.አ. በ1372 ቤተልሔምን በጎበኘችበት ጊዜ አየሁት ያለችው ራእይ ለአውሮፓ ሠዓልያን መንገድ ከፈተ። በዚህ ራእይ ከሕፃኑ የሚወጣው ብርሃን ዮሴፍ የያዘውን ሻማ ዋጋ ያሳጣዋል።

የሰሜን አውሮፓ ሠዓልያን ይህን ራእይ ለመቀበል የቀደሙት ያለ ምክንያት አይደለም። በሆላንድ ምድር በታኅሣሥ ወር የቀኑ ርዝመት ከስምንት ሰዓት ያንሳል፤ በበጋቸው ግን ከአሥራ ስድስት ሰዓት ይበልጣል። በሮም እ.ኤ.አ. በ336 የልደት በዓል በዲሴምበር 25 ይከበር እንደ ነበር የሚያሳይ መዝገብ አለ፤ ዕለቱም የዓመቱ ረጅም ሌሊት በሚውልበት ሰሞን ነው። እንዲህ ባለ አገር «ብርሃን መጣ» ማለት ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ሰውነት የሚያውቀው ናፍቆት ነው። የሆላንዱ ሠዓሊ ኼርትኸን ቶት ሲንት ያንስ እ.ኤ.አ. በ1490 ገደማ የሣለውና በለንደን ብሔራዊ ጋለሪ የሚገኘው የሌሊት ልደት ቁመቱ ከ34 ሳንቲሜትር ብዙም አይበልጥም። ሥዕሉ ጨለማ የበዛበት ነው። የማርያምና የመላእክቱ ፊት የሚታየው ከግርግሙ በሚወጣው ብርሃን ብቻ ነው፤ ዮሴፍ በጥላው ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል።

ኢጣሊያዊው ኮሬጆ እ.ኤ.አ. በ1530 ገደማ የፈጸመውና ዛሬ በድሬስደን የሚታየው ታላቅ ሥዕል ሐሳቡን አስፍቶታል። ከእረኞቹ ጋር ያለችው ሴት ብርሃኑ ስላጥበረበራት እጅዋን ወደ ፊትዋ ታነሣለች፤ እናቲቱ ግን ያንኑ ብርሃን ያለ ችግር ትመለከታለች። ሠዓሊው አንድ ብርሃን ለአንዱ ማጥበርበር፣ ለሌላው ፍቅር መሆኑን በሁለት ሴቶች ዓይን ገልጾታል።

ይሁንና ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ደፋሩ ሥዕል በፈረንሳይ በሬን ከተማ ሙዚየም የሚገኘው የዦርዥ ደ ላ ቱር «አዲስ የተወለደው» ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት በተሣለው በዚህ ሥራ ሕፃኑ አያበራም። አክሊለ ብርሃን የለም፤ መልአክ የለም። አንዲት ሴት ሻማ ይዛ ነበልባሉን በመዳፍዋ ከልላለች፤ ብርሃኑ ከእጅዋ ጀርባ ወጥቶ በሕፃኑና በእናቱ ላይ ያርፋል። ሥዕሉ የክርስቶስ ልደት ነው ወይስ የአንዲት ተራ ሴት ወሊድ ነው? ሠዓሊው አይመልስም። ብርሃኑ ከሰማይ ወርዶ በሠራተኛ ሰው መዳፍ ውስጥ ገብቷል፤ ሕፃን የተወለደበት ቤት ሁሉም ለቅድስና በቅቷል። ሃይማኖተኛውም ሆነ ያልሆነው ተመልካች በዚህ ሥዕል ፊት እኩል ዝም የሚለው ስለዚህ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ሁኔታው ሌላ ነው። በአዲስ አበባ በዓመቱ ረጅም በሆነውና አጭር በሆነው ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ታኅሣሥ ሰማዩ የጠራበት፣ እህል የሚሰበሰብበትና በአውድማ የሚወቃበት ወር ነው። ቤተ ክርስቲያን ከልደት በፊት ያሉትን ሦስት እሑዶች ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ብላ ሰይማ ምሳሌውን በሥርዓትዋ ጠብቃለች። በላሊበላ በቤተ ማርያም ዙሪያ «ቤዛ ኩሉ» ሲዘመር ግን ካህናቱ በነጭ ልብስ በድንጋዩ አፋፍ ቆመው የሚታዩት በጠራራ የበጋ ፀሐይ ነው። የዚህ አገር ሕዝብ የጨለማ ወቅት ክረምቱ ነው፤ ናፍቆቱም መስከረም ነው። ችቦ የሚበራውና ደመራ የሚነደው በዚያን ጊዜ ነው። ቋንቋውም ይመሰክራል፤ ለሌሊቱ «ጠባ» የሚለው ግስ ለመስከረምም ያገለግላል።

የኢትዮጵያ ሠዓሊ ልደትን ሲሥል ሌሊቱን በጥቁር ቀለም አለመሙላቱ መታየት ያለበት ከዚህ አንጻር ነው። በቀድሞው የጎንደር ስልት መደቡ ቢጫ ወይም ቀይ ነው፤ ሰዎቹ ጥላ አይጥሉም፤ ብርሃኑ ከአንድ ወገን አይመጣም። ላምና አህያ ሕፃኑን በትንፋሻቸው ሲያሞቁ፣ ማርያምም ሆነች እረኛው በእኩል ብርሃን ይታያሉ። ይህ የእውቀት ጉድለት ነው የሚለው ፍርድ በታሪክ ይፈርሳል። የ18ኛው መቶ ዓመት ሠዓልያን፣ በሁለተኛው የጎንደር ስልት፣ ከአውሮፓ የመጡ የኅትመት ሥዕሎችን አይተው ፊትን በጥላ ማድበልበልን ተምረዋል፤ መደቡንም ከቢጫ ወደ ቀይ አሸጋግረውታል። ነገር ግን ትዕይንቱን በጨለማ አልዋጡትም። አይተው መረጡ እንጂ ሳያውቁ አልቀሩም። በኼርትኸን ሥዕል ብርሃን ሊመጣ የሚናፈቅ ነገር ነው፤ በጎንደሩ ሥዕል ደግሞ የተፈጸመና ለሁሉ የተዳረሰ ነው። አንደኛው ድራማ አለው፤ ሁለተኛው እኩልነት አለው።

ይህን መቀበል ግን ጉድለትን ለመሸፈን ምክንያት ሊሆን አይገባም። በዚያው ትውፊት ውስጥ ቅዱሳኑ ቀላ ባለ ፊትና በሁለት ዓይን፣ ክፉው በአንድ ዓይንና በጎን፣ ሰይጣን ደግሞ አዘውትሮ በጠቆረ ገላ ይሣላል። በጨለማና በጥቁር መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ተደምስሷል። ስሕተቱ ጥንታዊ ነው። በ3ኛው መቶ ዓመት ኦሪጀን የመኃልየ መኃልይን ጥቁር ሴት ሲተረጉም ጥቁረትዋን ከኃጢአት ጋር አያይዞታል። ጥቁር ሕዝብ ይህን አተረጓጎም በገዛ ብሩሹ መድገሙ የሚያሳዝን ነው። ያችው ቤተ ክርስቲያን ሙሴ ጸሊምን፣ ማለትም ጥቁሩን ሙሴን፣ ከቅዱሳን መቁጠርዋ ለስሕተቱ ከውስጥ የመጣ መልስ ነው። የገበሬውም ቋንቋ ከሠዓሊው ይልቅ ጠንቃቃ ነው፤ ጥቁር አፈር እህል ይሰጣል፤ ጥቁር ደመና ዝናብ ያመጣል፤ ለድኻ የሚደርስ ሰው «ጥላ ከለላ» ይባላል። ፀሐይ በሚያቃጥልበት አገር ጥላ መሸሸጊያ ነውና።

ከሃይማኖት ውጭም ምሳሌው ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዘመን ማይምነት ጨለማ፣ ትምህርት ብርሃን እየተባለ ተነግሯል። ፊደል ብርሃን መሆኑ አይካድም። ዳሩ ግን ወቅትን፣ ዘርንና ከብትን ጠንቅቆ የሚያውቅ ገበሬ ፊደል ባለመቁጠሩ ብቻ በጨለማ ውስጥ ይኖራል ማለት ዕውቀቱን ጨለማ ብሎ መሰየም ነው። ብርሃኑን ይዞ የመጣው ሰው ከላ ቱር ሥዕል ሴት ሊማር የሚገባው አለ፤ እርስዋ ሻማውን የያዘችው ራስዋን ለማሳየት አይደለም።

ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1961 ለአፍሪካ አዳራሽ በሠራው፣ 150 ካሬ ሜትር በሚሸፍነው የመስተዋት ሥዕል የቤተ ክርስቲያንን ጥበብ ለአፍሪካ ነፃነት አውሎታል። የአህጉሪቱ ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን በሦስት ክፍል ተከፍሎ ይታያል። በዚህ ሥራ ብርሃኑ በቀለም የተሣለ አይደለም፤ ከውጭ የሚገባ እውነተኛ የቀን ብርሃን ነው። ሥዕሉን ሙሉ የሚያደርገው አገሩ ራሱ ነው።

እንግዲህ ለሠዓሊውም ሆነ ለሥዕል መምህሩ የሚቀረው ጥያቄ ግልጽ ነው። ተማሪው ብርሃንና ጥላን ከአውሮፓ ሥዕሎች ሲማር የገዛ ምድሩን ሰማይ ቀና ብሎ ማየትንም ሊማር ይገባዋል። ብርሃኑ ከማን ይወጣል? በማን ላይ ያርፋል? በጥላው ውስጥ የተተወውስ ማን ነው? እነዚህን ሦስቱን ሳይጠይቅ ብሩሹን የሚያነሣ ሠዓሊ፣ የልደትን ሌሊትም ይሣል የሕዝብን ንጋት፣ የሚደግመው የሌላውን ጨለማ ነው።