የመሣሪያ ብልሽትን ስለ ማስታወቅ፤ የአየር ብክለት ሕጋችን ሲመረመር

ከደሴ ፒያሳ ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ የአየሩን መለወጥ ወዲያው ያስተውላል። ደሴ በ2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፥ ኮምቦልቻ ከ2000 ሜትር በታች ተራራ በከበበው ሜዳ ላይ ትገኛለች። በእንዲህ ያለ ሥፍራ በበጋ ማለዳ ቀዝቃዛው አየር ከሥር ይተኛል፤ ሞቃቱ ከላይ ይከድነዋል፤ ጢስም መውጫ ያጣል። በዚያው ሜዳ ላይ የጨርቃ ጨርቅ፥ የብረታ ብረት፥ የቆዳና የቢራ ፋብሪካዎች ተተክለዋል፤ በ2009 ዓ. ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። ስለዚህ በዚህ ሥፍራ የአንድ ጢስ ማጣሪያ መበላሸት የፋብሪካው የግል ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከደረጃው በላይ መበከልን ከልክሏል፤ ተቆጣጣሪው ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ፋብሪካ እንዲገባ ፈቅዷል፤ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብ መብት ሰጥቷል። ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ፋብሪካዎች ራሳቸውን እንዲከታተሉ፥ መዝገብ እንዲይዙና ለድንገተኛ አደጋ እንዲዘጋጁ ያዛል።

እነዚህ በጎ ድንጋጌዎች ናቸው። ዳሩ ግን «ድንገተኛ አደጋ» ሲባል በብዙዎቻችን ኅሊና የሚመጣው ቃጠሎ ወይም ፍንዳታ ነው። በሌሊት የተቀደደ የማጣሪያ ከረጢት ግን ድምፅ የለውም፤ መለዋወጫው እስኪመጣ ድረስ ሥራው ሊቀጥል ይችላል። ልኬቱ በአማካይ ሲጻፍ ያች ክፉ ሌሊት በደኅናዎቹ ቀናት መካከል ትሰወራለች። በፒያሳ ቡናውን የሚጠጣ ሰውም ጢሱን ቢያይ እንኳ ምክንያቱን ካላወቀ፥ የአቤቱታ መብቱ የወረቀት መብት ሆኖ ይቀራል።

የኤውሮፓ ኅብረት እ. ኤ. አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ ለታላላቅ የማቃጠያ ጣቢያዎች ጉዳዩን በሰዓት ወስኖታል። የጢስ መከላከያው ቢበላሽ ባለሥልጣኑ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊነገረው ይገባል፤ በ24 ሰዓት ካልተጠገነ ሥራው ይቀነሳል ወይም ይቆማል፤ ያለ መከላከያ የሚሠራበት ጊዜ በ12 ወር ውስጥ ከ120 ሰዓት አይበልጥም። በአሜሪካም እ. ኤ. አ. በ2008 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት፥ በብልሽት ጊዜ ፋብሪካዎችን ከመርዛማ ጢስ ደረጃ ነጻ ያደርግ የነበረውን ደንብ ሽሯል።

«ብልሽቱን የተናገረ ከተቀጣ ማን ይናገራል?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ከባድ ነው። መልሳችን፥ መናገር ቅጣትን ያቅልል እንጂ ጥፋትን አይሰርዝ፤ መደበቅ ግን ከብልሽቱ ይልቅ ያስቀጣ፥ የሚል ነው።

እንግዲህ ብልሽት በስሙ ተጠርቶ፥ ሰዓቱ ተቈጥሮ፥ ማስታወቂያው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ለሕዝብ ሊለጠፍ ይገባል እንላለን። ጢሱን የሚተነፍሰው ሕዝብ ወሬውን ከሁሉ በኋላ የሚሰማ መሆን የለበትም።